«ልሞት ነው» የሚያሰኘው ድንገተኛ ፍርሃት፦ ፓኒክ ዲስኦርደር ምንድን ነው? እንዴትስ ይታከማል?

ከሥራ መውጫ ሰዓት ነው። ከሜክሲኮ ወደ ጀሞ የሚሄድ ሚኒባስ ታክሲ ሰው ጢም ብሎበት በመኪና ሰልፍ መካከል ቆሟል። በመስኮቱ በኩል የተቀመጠች የሠላሳ ዓመት ሴት ያለ አንዳች ምክንያት ልቧ በኃይል መምታት ይጀምራል። ደረቷ ይጨመደዳል፤ አየር ያጥራታል፤ ጣቶቿ ይደነዝዛሉ፤ ላብ ያጠምቃታል። ከዚያ በኋላ በአእምሮዋ ውስጥ የሚቀረው አንድ ሐሳብ ብቻ ነው፦ «ልሞት ነው።» «ወራጅ አለ!» ብላ ከመድረሻዋ በፊት ትወርድና ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ትገሰግሳለች።

ሐኪሞቹ የልብ ምርመራ ያደርጉላታል፤ የደም ናሙና ይወስዳሉ። በመጨረሻ የሚነገራት «ምንም የለብሽም» የሚል ነው።

ይህች ሴት ነገሩን ለማስረዳት ያቀረብናት ምሳሌ ናት። በካናዳ ሞንትሪያል ከተማ በደረት ሕመም ምክንያት ወደ አንድ የልብ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል በመጡ 441 ሰዎች ላይ የተደረገና እአአ በ1996 የታተመ ጥናት ግን ከአራቱ አንዱ ያህል ፓኒክ ዲስኦርደር እንደነበረበት አሳይቷል። የልብ ሐኪሞቹ ችግሩን ለይተው ያወቁት እጅግ በጥቂቶቹ ላይ ብቻ ነበር።

«ምንም የለብሽም» ግማሽ እውነት ነው። የልብ ሕመም የለባትም። የደረሰባትን ነገር ግን አላስመሰለችም፤ ከራሷም አልፈጠረችውም። የልብ ምቱ፣ ላቡ፣ የጣቶቹ መደንዘዝ ሁሉ በአካሏ ላይ በእርግጥ የተከሰቱ ናቸው። ችግሩ ስም አለው፤ መድኃኒትም አለው።

ጥቃቱና ሕመሙ አንድ አይደሉም

በእንግሊዝኛ ስሙ ፓኒክ አታክ የሚባለው በድንገት የሚነሳ፣ በደቂቃዎች ውስጥ ጫፍ ላይ የሚደርስና ከዚያ ቀስ እያለ የሚበርድ የብርቱ ፍርሃት ማዕበል ነው። በአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር መመሪያ መሠረት ከ13 ምልክቶች ቢያንስ አራቱ በአንድነት ሲታዩ ይህ ስም ይሰጠዋል። ከምልክቶቹ መካከል የልብ ምት መፍጠን፣ መንቀጥቀጥ፣ የመታፈን ስሜት፣ ማቅለሽለሽ፣ ማዞር፣ ብርድ ወይም ሙቀት መሰማት፣ አካባቢን ወይም ራስን እንደ ሕልም አድርጎ ማየት፣ የማበድና የመሞት ፍርሃት ይገኙበታል። አንዳንዱን ከከባድ እንቅልፍ አንቅቶ ያስነሳዋል።

አንድ ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር የገጠመው ሰው ሁሉ ታማሚ ነው ማለት አይደለም። በ25 አገሮች ከ140 ሺህ በላይ ሰዎችን ያካተተ የዓለም የአእምሮ ጤና ጥናት በሕይወት ዘመናቸው ቢያንስ አንድ ጊዜ ጥቃቱ የደረሰባቸው ሰዎች 13 በመቶ ያህል መሆናቸውን አመልክቷል። ፓኒክ ዲስኦርደር የሚባለው ሕመም የነበረባቸው ግን ከ2 በመቶ በታች ናቸው። ሕመም የሚያሰኘው ጥቃቱ ሳይጠበቅ መመላለሱና ሰውየው ቢያንስ ለአንድ ወር «ዳግም ይመጣብኝ ይሆን?» በሚል ስጋት መኖሩ፣ ወይም ስጋቱን ለመሸሽ ሲል አኗኗሩን መለወጡ ነው።

ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው በሃያዎቹ ዕድሜ መጀመሪያ አካባቢ ሲሆን፣ በሴቶች ላይ ከወንዶች እጥፍ በሚጠጋ መጠን ይታያል። በቤተሰብ ውስጥ የመተላለፍ ዝንባሌ አለው። የልጅነት መከራ፣ ሲጋራ ማጨስ፣ የቅርብ ሰው ሞት ወይም ስደት የመሰለ ብርቱ የሕይወት ለውጥም የሚያጋልጡ ነገሮች ናቸው።

አካል እንዲህ የሚሆነው ለምንድን ነው?

ነገሩ አዲስ አይደለም። ጃኮብ ሜንዴስ ዳ ኮስታ የተባለው አሜሪካዊ ሐኪም እአአ በ1871 ባሳተመው ጽሑፍ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ያከማቸውን ከ300 በላይ ወታደሮች ሁኔታ ገልጾ ነበር። ልባቸው ይመታል፣ ደረታቸውን ያማቸዋል፣ ትንፋሽ ያጥራቸዋል፤ በልባቸው ላይ ግን የሚታይ ጉዳት አልነበረም። «የሚቆጣ ልብ» ሲል ሰየመው። ዛሬ ወደ ኋላ ተመልሰው የሚያዩ ባለሙያዎች ቢያንስ በከፊሎቹ ላይ የነበረው ፓኒክ ሳይሆን አይቀርም ይላሉ። ሕመሙ ራሱን ችሎ በአሜሪካ የምርመራ መመሪያ ውስጥ የተመዘገበው ግን ከመቶ ዓመታት በላይ ዘግይቶ በ1980 ነው።

አካል አደጋ ሲያይ አድሬናሊን ይለቃል። ልብ ወደ ጡንቻዎች ደም ለመግፋት ይፈጥናል፤ ትንፋሽም ይበዛል፤ ሰውነት ለመሮጥ ወይም ለመታገል ይሰናዳል። ጅብ ከፊት ቢቆም ይህ ሁሉ ነፍስ ያድናል። በታክሲ ውስጥ ግን የሚሮጡለትም የሚታገሉትም የለም። ትንፋሽ ከሚያስፈልገው በላይ ሲበዛ በደም ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይቀንሳል፤ ይህም ራስን ያዞራል፣ ጣቶችንና የከንፈር አካባቢን ያደነዝዛል። ሰውየው «አየር አጠረኝ» ሲል በእውነቱ የሚተነፍሰው ከልክ በላይ ነው።

እንግሊዛዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ዴቪድ ክላርክ እአአ በ1986 ያቀረበው ማብራሪያ እስካሁን የሕክምናው መሠረት ሆኖ ቆይቷል። በእርሱ አባባል ፓኒክን የሚያቀጣጥለው ስሜቱ ሳይሆን ለስሜቱ የሚሰጠው ትርጉም ነው። ደረጃ በመውጣት ወይም በቡና ምክንያት ልብ ትንሽ ይፈጥናል፤ አእምሮ «ልቤ ሊቆም ነው» ብሎ ይተረጉመዋል፤ ትርጉሙ ፍርሃትን ይወልዳል፤ ፍርሃቱ ልብን ይበልጥ ያፈጥናል፤ የፈጠነው ልብ ደግሞ ለትርጉሙ ምስክር ይሆናል። ክቡ በደቂቃዎች ውስጥ ራሱን እየመገበ ይሄዳል።

ሁሉም ነገር በትርጉም ያልቃል ማለት ግን አይደለም። በ2013 የታተመ አንድ አስገራሚ ጥናት የፍርሃት ማዕከል እንደሆነ የሚነገርለት አሚግዳላ የተባለው የአንጎል ክፍል በሁለቱም ጎን የተጎዳባቸው ሦስት ሰዎች ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተቀላቀለበት አየር ሲስቡ በብርቱ መደናገጣቸውን አሳይቷል። ከእነርሱ አንዷ እባብም ሸረሪትም የማያስፈራት ሴት ነበረች። ከውጭ የሚመጣ አደጋና ከውስጥ የሚመጣ የመታፈን ምልክት በአንጎል ውስጥ የተለያየ መንገድ እንዳላቸው ይህ ይጠቁማል።

ዓለም ቀስ በቀስ ስትጠብ

ለብዙ ታማሚዎች ከጥቃቱ ይልቅ ሕይወትን የሚያበላሸው ከጥቃቱ በኋላ የሚመጣው ሽሽት ነው። ያቺ ሴት በመጀመሪያ ታክሲ ትተዋለች። ቀጥላ ገበያ፣ ቀጥላ የባንክ ሰልፍ፣ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ሰው የሚበዛበት ቀን፣ ለቅሶና ሠርግ። ስትሄድም በር አጠገብ ትቀመጣለች፤ ውኃ በቦርሳዋ ትይዛለች፤ እህቷን አስከትላ ትወጣለች። እነዚህ ጥንቃቄዎች የሚያረጋጉ ቢመስሉም ለአእምሮ የሚሰጡት ትምህርት የተሳሳተ ነው፦ «የተረፍኩት በር አጠገብ ስለተቀመጥኩ ነው።» ለቅሶ መቅረት እንደ ትልቅ ነውር በሚታይበት ማኅበረሰብ ውስጥ ደግሞ «ምነው ኮራች?» የሚለው ወሬ ሌላ ሸክም ይሆናል።

በእኛ አካባቢ ይህን ሕመም የሚያባብሱ ሁለት የለመድናቸው ነገሮች አሉ። አንዱ ቡና ነው። በምርምር ክፍል ውስጥ ከፍ ያለ መጠን ካፌይን የተሰጣቸው የፓኒክ ታማሚዎች ግማሽ ያህሉ ጥቃት እንደደረሰባቸው የተለያዩ ጥናቶችን ያጠቃለለ ትንታኔ አመልክቷል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብሎ ሦስቱንም መጠጣት ለጤነኛ ሰው ደስታ ነው፤ ለእንዲህ ያለው ሰው ግን ከጎረቤት ጋር ተቀምጦ አቦሉን በትንሹ ቀምሶ መተው ይሻለዋል። ሌላው ጫት ነው። በውስጡ ያለው ካቲኖን ከአምፌታሚን ጋር የሚመሳሰል ሲሆን የልብ ምትንና የደም ግፊትን ይጨምራል። ጭንቀትን ለማስታገስ የሚጠጣ አልኮልም ለጥቂት ሰዓታት ያደነዝዝና በማግሥቱ ጠዋት ፍርሃቱን አብዝቶ ይመልሰዋል።

ብዙዎች ከሐኪም በፊት ወደ ጸበል ወይም ወደ ሼኽ ይሄዳሉ፤ መጽናናትም ያገኛሉ። ጉዳት የሚመጣው የተጀመረ መድኃኒት «እምነት ማጉደል ነው» ተብሎ በድንገት ሲቋረጥ ነው። ሁለቱን በአንድነት መያዝ የሚከለክል የሕክምና ምክንያት የለም።

ሕክምናው

ፓኒክ ዲስኦርደር ከአእምሮ ጤና ችግሮች መካከል በደንብ ከሚታከሙት አንዱ ነው። የብሪታኒያ የጤና መመሪያ አውጪ ተቋም ናይስ ጠንካራ ማስረጃ አላቸው ብሎ የሚያቀርባቸው በእንግሊዝኛ ምኅጻሩ ሲቢቲ የተባለውን የንግግር ሕክምና፣ ፀረ ድብርት መድኃኒቶችንና በሲቢቲ መርህ የተዘጋጁ የራስ አገዝ መጻሕፍትን ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2008 የጀመረውን የአእምሮ ጤና መርሐ ግብር መመሪያ በ2023 ሲያድስ ስለ ጭንቀት ሕመሞች ራሱን የቻለ ክፍል ጨምሯል።

የንግግር ሕክምናው ስሙ እንደሚያሳስተው ወሬ ብቻ አይደለም። ናይስ በጠቅላላው ከ7 እስከ 14 ሰዓት የሚወስድ እንዲሆን ይመክራል። ባለሙያው በመጀመሪያ ክቡን ከታማሚዋ ጋር በወረቀት ላይ ይስለዋል። ቀጥሎ የምትፈራቸውን የአካል ስሜቶች ሆን ብለው ያስነሷቸዋል፦ በሚሽከረከር ወንበር ላይ መዞር፣ ደረጃ በሩጫ መውጣት፣ ለአንድ ደቂቃ በቀጭን የለስላሳ መጠጫ ብቻ መተንፈስ። ልብ ይመታል፤ ራስ ይዞራል፤ ከዚያም ያልፋል። ሰውነቷ በተግባር የሚማረው ይህን ነው። የልብ ሕመም፣ አስም ወይም የሚጥል በሽታ ያለበት ሰውና ነፍሰ ጡር ሴት ግን ይህን ያለ ሐኪም ምክር እንዲያደርጉ አይመከርም።

ከዚያ ወደ ጎዳናው ይወጣል። በመጀመሪያ ከሜክሲኮ እስከ ሳር ቤት ብቻ ከእህቷ ጋር። ቀጥሎ ብቻዋን። ቀጥሎ እስከ መካኒሳ፤ በኋላም በር አጠገብ ሳትሆን ከኋላ ወንበር ተቀምጣ፣ የውኃ ጠርሙሱን ቤት ትታ፣ እስከ ጀሞ። ፍርሃቱ ሲመጣ አትወርድም፤ እስኪበርድ ትጠብቀዋለች። ከባድ ሥራ ነው፤ በመካከሉ መጥፎ ሳምንታት አሉት።

መድኃኒትን በተመለከተ በቅድሚያ የሚታዘዙት ኤስኤስአርአይ የሚባሉት ናቸው፤ ሰርትራሊንና ፍሉኦክሰቲን በዚህ ክፍል ውስጥ ይገኛሉ። ከእነርሱ ቀድሞ አሜሪካዊው ዶናልድ ክላይን እአአ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ኢሚፕራሚን የተባለው መድኃኒት የፓኒክ ጥቃትን እንደሚያቆም አሳይቶ ነበር። ታማሚዎች አስቀድመው ማወቅ ያለባቸው ነገር አለ፦ በመጀመሪያዎቹ ቀናት እረፍት ማጣቱና ጭንቀቱ ሊጨምር ይችላል። ስለዚህ በትንሽ መጠን ይጀመራል፤ ውጤቱ ለመታየት ሳምንታት ይወስዳል። «ባሰብኝ» ብለው በሦስተኛው ቀን የሚተዉት ብዙዎች ናቸው፤ ይህም ይህን ሳይነግሯቸው መድኃኒቱን የሚያዝዙ ሐኪሞች ጥፋት ጭምር ነው። የተሻለው ሰውም ቢያንስ ለስድስት ወራት ይቀጥላል፤ ሲያቆምም በሐኪም ክትትል ቀስ በቀስ እየቀነሰ ነው።

ዳያዜፓምና ተመሳሳዮቹ በደቂቃዎች ያረጋጋሉ፤ ችግራቸውም ይኸው ነው። ሰውነት ይለምዳቸዋል፤ በድንገት ሲቋረጡ ፍርሃቱ በእጥፍ ይመለሳል፤ የሚጥል በሽታን የመሰለ መንፈራገጥም ሊያስከትሉ ይችላሉ። ናይስ ለፓኒክ ዲስኦርደር ሕክምና እንዳይታዘዙ ይመክራል።

በምሥራቅ አፍሪካ ትልቁ እንቅፋት ባለሙያ ማግኘት ነው። አዲስ አበባ አማኑኤል፣ ናይሮቢ ማታሪ፣ ካምፓላ ቡታቢካ የታወቁ የአእምሮ ሆስፒታሎች አሏቸው፤ ግን ስማቸው ራሱ «እብድ ይሉኛል» በሚል ፍርሃት ብዙዎችን ያርቃል። በአጠቃላይ ሆስፒታሎች ውስጥ የሚሠሩ የአእምሮ ጤና ባለሙያዎችም ይህን ሕመም ሊያክሙ ይችላሉ። በኢንተርኔት የሚሰጥ ሲቢቲ ለፓኒክ እንደሚሠራ ጥናቶች ስለሚያሳዩ፣ በቋንቋው የሚያናግረው ሰው በቅርብ ለማያገኝ ስደተኛ በቪዲዮ መታከም አንድ አማራጭ ነው። ከአሠሪዋ ቤት መውጣት ለማይፈቀድላት በባሕረ ሰላጤው አገሮች ለምትኖር የቤት ሠራተኛ ግን ይህም ቢሆን የሚገኝ ነገር አይደለም።

ጥቃቱ ሲመጣ

ባሉበት ይቆዩ። ትንፋሽዎን በኃይል ከመሳብ ይልቅ ቀስ ብለው ያስወጡት። በወረቀት ከረጢት ውስጥ መተንፈስ ዛሬ አይመከርም። «ራሴን ስቼ እወድቃለሁ» የሚለው ፍርሃት የተለመደ ነው፤ ነገር ግን በጥቃቱ ጊዜ የደም ግፊት ስለሚጨምር ራስን መሳት ብዙም አያጋጥምም። አጠገቡ ያለ ሰው «ተረጋጋ!» እያለ ከሚጮህበት ይልቅ «አውቃለሁ፣ ከባድ ነው፣ ያልፋል፣ እዚሁ ነኝ» ቢለው ይጠቅመዋል።

ለመጀመሪያ ጊዜ የደረሰበት ሰው ግን በራሱ ግምት «ፓኒክ ነው» ብሎ መተው የለበትም። የታይሮይድ እጢ ችግር፣ ደም ማነስ፣ የስኳር መጠን መውረድ፣ አስምና የልብ ምት መዛባት ተመሳሳይ ምልክት ሊያሳዩ ስለሚችሉ አንድ ጊዜ በአግባቡ መመርመር ያስፈልጋል። ሕመሙ ወደ ግራ ክንድ፣ ወደ ትከሻ ወይም ወደ መንጋጋ የሚሄድ ከሆነ፣ ሥራ ሲሠሩ የሚብስና ሲያርፉ የሚተው ከሆነ፣ ራስን ካሳተ፣ ወይም ታማሚው የስኳር ወይም የደም ግፊት በሽታ ካለበት ሳይዘገዩ ወደ ሆስፒታል ሊወስዱት ይገባል። ከፓኒክ ጋር ድብርት ደርቦበት ራስን የማጥፋት ሐሳብ ለሚመጣበት ሰውም እንዲሁ፤ ያን ዕለት ብቻውን አይተዉት።