አራት ሺህ ነጥብ ላይ የተተኮሰ ጥይት

ኖኪያ 3310 እ.ኤ.አ. በ2000 ብቅ ሲል ስክሪኑ በአግድም 84፣ በቁመት 48 ነጥብ ነበር። ሲባዛ አራት ሺህ ከምናምን ነው። ቀለም የሚባል የለም፤ ነጥቡ ወይ ይጠቁራል ወይ አይጠቁርም። «ስፔስ ኢምፓክት» የተባለው የተኩስ ጌም የተሠራው ለዚች ጠባብ ቦታ ነው። መንኮራኩሯ ከግራ ወደ ቀኝ ትገሰግሳለች፣ ጠላት ከፊት ለፊቷ እየጎረፈ ይመጣል፣ በየደረጃው መጨረሻ ደግሞ ከሁሉም የገዘፈ አውሬ ይጠብቃታል። ተራው ጥይት አያልቅም፤ ልዩ መሣሪያው ግን ተቆጥሮ የሚሰጥ ነው። አውሬው ጋ ሳይደርሱ የጨረሱት እንደሆነ ጉድ ነው።

የዘር ሐረጉ የጃፓኑ ታይቶ በ1978 ወዳወጣው «ስፔስ ኢንቬደርስ» ይወስደናል። እዚያ ተኳሹ ታች ሆኖ ወደ ላይ ይተኩሳል። የ3310 ስክሪን ግን ቁመቱ አጭር ነው፤ ውጊያው በጎን መሆኑ፣ በእኔ ግምት፣ ከምርጫ ይልቅ ግዴታ ይመስላል። በ2003 የወጣችውና ከ250 ሚሊዮን በላይ የተሸጠችው ኖኪያ 1100፣ ያቺ አናቷ ላይ ባትሪ የምታበራዋ፣ ይህንኑ ጌም አሻሽላ ይዛ መጣች።

ጃቫ የሚያስኬዱ ስልኮች ሲበዙ ጌም ከስልኩ ጋር የሚመጣ ብቻ መሆኑ ቀረ፤ እያወረዱ መጫን ተቻለ። ቦታው ግን እንደጠበበ ነው፤ በመጀመሪያዎቹ የኖኪያ ሲሪስ 40 ስልኮች አንድ ጌም ከ64 ኪሎባይት መብለጥ አይችልም ነበር። የባሰው ችግር የቁልፉ ነው። በ2፣ በ4፣ በ6 እና በ8 ይንቀሳቀሳሉ፣ በ5 ይተኩሳሉ፤ ብዙው ስልክ ግን ሁለት ቁልፍ አንድ ላይ ሲጫኑት አንዱን ብቻ ነው የሚሰማው። ስለዚህ ወይ መሸሽ ነው፣ ወይ ቆሞ መተኮስ። ከሁሉ ቀድሞ ጽሑፉ የሚፋቀውም ያው 5 ቁጥር ነበር።

የጌም ፕሮግራመሩ ጆን ካርማክ ይህን የቁልፍ ችግር ከመታገል ይልቅ ዞሮት አለፈ። በፍጥነቱ የታወቀውን የተኩስ ጌም «ዱም»ን በ2005 ወደ ስልክ ሲያመጣው፣ «ዱም አር.ፒ.ጂ.» ብሎ ተራ በተራ የሚጫወቱት አደረገው፤ እርስዎ እርምጃዎን እስኪወስኑ ጭራቁም ቆሞ ይጠብቃል። ለእኔ የዘመኑ ብልህ መፍትሔ ይህ ነው።

ከስክሪኑ የወጡም ነበሩ። በስዊድኑ ጌም «ቦትፋይተርስ» ኔትወርኩ ተጫዋቹ ያለበትን ሰፈር ይጠቁማል፤ እሱም በአቅራቢያው ያለውን ባላጋራ በኤስኤምኤስ ይመታል። በ2003 ደግሞ ሲመንስ ኤስኤክስ 1 የተባለው ስልክ «ሞዚስ» የሚባል የትንኝ አደን ጌም ይዞ መጣ። ካሜራው የሚያሳየው የራስዎን ክፍል ነው፤ ትንኞቹ በዚያ ላይ ይበራሉ። ለማነጣጠር ስልኩን ራሱን ማዞር ያስፈልጋል፤ ከውጭ ለሚያይ፣ ሰውየው በባዶ አየር ላይ ስልክ እያወዛወዘ የሌለ ትንኝ የሚያሳድድ ነው።