ፕሮግራሙ አልከፈት ሲል ምን ይደረግ?

በኮምፒዩተር ክፍል ውስጥ ዘወትር የሚሰማ ቃል ቢኖር «ይኼ ኮምፒዩተር ተበላሽቷል» የሚለው ነው። ፕሮግራሙ ሲነካ የእንግሊዝኛ መልእክት ብቅ ይላል፤ ሠልጣኙ ሳያነብ ይዘጋዋል፤ እንደገና ይነካዋል፤ ያው ነው። በመጨረሻ «ፎርማት ይደረግ» ይባላል። ፎርማት ሲደረግ በሌላ ቦታ ያልተቀመጠ ሥራ ሁሉ ይጠፋል፤ ፕሮግራሙ ግን አሁንም አልከፈት ይላል። ምክንያቱም የታመመው ኮምፒዩተሩ አልነበረም።

ለመሆኑ ነገሩ ምንድን ነው?

ብዙ ፕሮግራሞች ብቻቸውን አይሠሩም፤ «ራንታይም» የሚባል ማስኬጃ ይሻሉ። ጃቫ፣ ዶት ኔትና ቪዥዋል ሲ ፕላስ ፕላስ ማስኬጃ አላቸው። ለመምህር ምሳሌው ቅርብ ነው። የትምህርት ዕቅዱ «ገጽ 42 ላይ ያለውን ሥዕል ተመልከቱ» ይላል እንበል። ተማሪዎቹ የያዙት የቀድሞውን እትም ከሆነ ሥዕሉ እዚያ ገጽ ላይ ላይገኝ ይችላል። ዕቅዱ አልተሳሳተም፤ መጽሐፉም አልተቀደደም፤ ያልገጠመው እትሙ ነው።

መልእክቱን እንዴት እናንብብ?

1ኛ/ ጃቫ፦ መልእክቱ ሁለት ቁጥሮች ይጠቅሳል። ለምሳሌ ፕሮግራሙ 61 ይፈልጋል፤ ያለው ጃቫ ግን እስከ 52 ብቻ ያውቃል ይላል። ከሁለቱም 44 ቀንሱ፤ 17 እና 8 ይመጣል። እንግዲህ የሚፈለገው ጃቫ 17 ሲሆን ያለው ጃቫ 8 ነው ማለት ነው። አዲሱን ለመጫን አሮጌውን ማጥፋት ግዴታ አይደለም፤ ሁለቱ ጎን ለጎን መኖር ይችላሉ።

2ኛ/ ዶት ኔት፦ ዊንዶውስ 10 ይዞት የሚመጣው ዶት ኔት ፍሬምወርክ 4ን ነው። ለ3.5 የተሠራ ፕሮግራም ግን 3.5ን ራሱን ሊጠይቅ ይችላል፤ «4 ከ3.5 ይበልጣል» ማለት አያዋጣም። 3.5ን «ዊንዶውስ ፊቸርስ» ከሚለው ገብቶ ማብራት ይቻላል። ኢንተርኔት ከሌለ ከዚያው ዊንዶውስ መጫኛ ዲስክ ይወሰዳል።

3ኛ/ ቪዥዋል ሲ ፕላስ ፕላስ፦ «ቪሲራንታይም 140 የለም» ከተባለ የ2015–2022 ማስኬጃ ጥቅል ይጫናል። ባለ 32 ቢት ፕሮግራም በባለ 64 ቢት ዊንዶውስ ላይም ቢሆን የ32ቱን ጥቅል ይፈልጋል። የጎደለችውን አንዲት ፋይል ከማይታወቅ ድረ ገጽ ማውረድ ግን ቫይረስን በእጅ ይዞ መግባት ሊሆን ይችላል።

አዲስ ሁሉ መፍትሔ ነውን?

አይደለም። በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የሚዘጋጁትን የፌት የሳይንስ ማሳያዎች እንውሰድ። ከቀድሞዎቹ ከፊሉ በጃቫ፣ ከፊሉ በአዶቤ ፍላሽ ፕሌየር ነበር የሚሠሩት። አንዳንዶቹን ያስነሳ የነበረው «ጃቫ ዌብ ስታርት» በ2018 እ.ኤ.አ. በወጣው ጃቫ 11 ውስጥ የለም። ፍላሽ ፕሌየር ደግሞ በ2020 እ.ኤ.አ. መጨረሻ አገልግሎቱ ተቋርጧል። ስለዚህ አሮጌውን ለማስነሳት ከመልፋት፣ በኤችቲኤምኤል 5 እንደገና የተሠሩትን መያዝ ይሻላል። የኤሌክትሪክ ዑደት ማሳያው ለምሳሌ ያለ ጃቫ በብራውዘር ይከፈታል፤ አንዴ ከወረደ ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል።

እጩ መምህራን ሆይ፤ ነገ ከላላ ወይም መካነ ሰላም አካባቢ ስንመደብ አጠገባችን የኮምፒዩተር ባለሙያ ላይኖር ይችላል። ባለሙያ ፍለጋ ደሴ ድረስ ቢኬድ ክፍለ ጊዜው ያልፋል፤ ተማሪውም ማሳያውን ሳያይ ይቀራል። ስለዚህ ሦስት ነገር እንልመድ፦ መልእክቱን ሳንዘጋ በደብተር መገልበጥ፤ የዊንዶውሱን ዓይነትና ቢቱን መመዝገብ፤ ማስኬጃዎቹን ከአምራቾቹ ድረ ገጽ ሙሉውን አውርዶ በፍላሽ ዲስክ መያዝ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ ኮምፒዩተሩ በሽታውን ሲናገር ማድመጥ የእኛ ፋንታ ነው።