ታብሌት ሲያስቸግር ከየት እንጀምር?

ታብሌት ዛሬ ለዕጩ መምህሩም ለአሠልጣኙም እንደ ደብተርና እርሳስ የዘወትር መሣሪያ ሆኗል። ታዲያ «ኧረ የኔ ታብሌት ሞተ!» የሚለውን እሮሮ በየመኝታ ክፍሉ እንሰማለን። እውነቱን ለመናገር ሞተ ከሚባለው ብዙው ያልሞተ ነው። ጉዳት የሚደርሰው ይልቁንስ ሳናስብ ከወሰድነው መድኃኒት ነው።

ስለዚህ አንድ ቅደም ተከተል እንጠብቅ። ይኸውም መጀመሪያ ምንም የማያጠፋውን እርምጃ፣ ቀጥሎ ጥቂት የሚያጠፋውን፣ ሁሉን የሚያጠፋውን ግን በመጨረሻ መውሰድ ነው። ታብሌት ዕቃ ነው፣ ይተካል። ለማስተማር ልምምድ የተዘጋጀ የትምህርት ዕቅድና የተማሪዎች ውጤት ግን ከጠፋ ጠፋ ነው።

ለመንካትም አንፍራ። እ.ኤ.አ. በ2012 «አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ» የተባለው ድርጅት በወንጪና በወለንጭቲ አካባቢ ትምህርት ቤት ላልገቡ ሕፃናት በፀሐይ ኃይል የሚሞሉ ታብሌቶችን ያለ አስተማሪ ሰጥቶ ነበር። ድርጅቱ እንደገለጸው ልጆቹ ማብሪያውን ራሳቸው አገኙት፤ ከወራት በኋላም ተዘግቶ የነበረውን ካሜራ ሳይቀር ከፈቱት። ፊደል ያልቆጠረ ሕፃን ይህን ከቻለ እኛን ምን ያቅተናል?

አንደኛ፣ አልበራ ሲል። ባትሪው ጨርሶ ያለቀ ታብሌት ቻርጀር ቢሰካበትም ለጊዜው ምንም ላያሳይ ይችላል። ግማሽ ሰዓት ያህል እንተወው። አሁንም እምቢ ካለ ሶኬቱን በሌላ ዕቃ እንሞክር፣ ገመዱንም እንለውጥ። በመምህር እጅ ያለ ታብሌት መሰኪያ ቀዳዳው ውስጥ የጠመኔ ብናኝ ይጠራቀምበታል። ታብሌቱን አጥፍተን በደረቅ የእንጨት ስንጥር ቀስ አድርገን እናውጣው። መርፌና ሽቦ ግን በፍጹም!

ሁለተኛ፣ ተሰክቶ አልሞላ ሲል። እስቲ እናስላው። 5,000 ሚሊአምፔር ሰዓት የሚል ባትሪ 18.5 ዋት ሰዓት ያህል ኃይል ይይዛል። ብዙ አሮጌ ኮምፒዩተሮች በዩኤስቢ ቀዳዳቸው የሚሰጡት 2.5 ዋት ብቻ ነው። 18.5 ለ2.5 ሲካፈል ከ7 ሰዓት በላይ ይመጣል። በ10 ዋት ቻርጀር ግን ከ2 እስከ 3 ሰዓት ቢወስድ ነው። ስለሆነም ጥፋቱ የባትሪው ሳይሆን የምንጩ ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛ፣ ድርቅ ብሎ ሲቀር። የማብሪያውን ቁልፍ ከ10 እስከ 30 ሴኮንድ ተጭነን እንያዝ። በአንዳንዱ ዓይነት የድምፅ ቁልፉም አብሮ ይጫናል። ጠፍቶ ሲነሣ አስቀድሞ የተቀመጠ ሥራ አይነካም። በዚህ መካከል የእንግሊዝኛ ዝርዝር ቢመጣ ትርጉሙን ሳናውቅ ምንም አንምረጥ። ስክሪኑ ጣት አልሰማ ካለ ደግሞ እጃችንን እናድርቅ። መስተዋቱ የሚሠራው የጣትን የኤሌክትሪክ ባሕርይ በመለየት ስለሆነ እርጥበት ያሳስተዋል።

አራተኛ፣ ዋይፋይ እያለ ገጽ አልከፍት ሲል። የጎረቤት ይከፍታል፣ የኛ እምቢ ይላል። ቀኑን እንይ! የኢንተርኔት ገጽ ሲከፈት ማንነቱን የሚያሳይ ምስክር ወረቀት ይልካል፤ ወረቀቱም የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን አለው። ታብሌቱ ይህን ከራሱ ቀን ጋር ያስተያያል። በኛ አገር ታዲያ ልዩ ወጥመድ አለ። ታብሌቱ የሚቆጥረው በአውሮፓ አቆጣጠር ሆኖ ሳለ እኛ በኢትዮጵያ ዓመተ ምሕረት ብንሞላው 7 ወይም 8 ዓመት ወደ ኋላ ይቀራል። ወረቀቱም ለታብሌቱ ገና ያልተጻፈ ይሆንበታል። ሰዓቱም እንዲሁ ነው፤ የኛ ጧት 2 ሰዓት በሱ ዘንድ 8 ሰዓት ነው። መፍትሔው በሴቲንግ ገብቶ ቀንና ሰዓት ራሱ እንዲያስተካክል ማድረግ ነው።

አምስተኛ፣ ሜሞሪ ሞላ ሲል። ከዚህ ጀምሮ የምናጠፋው ነገር ስላለ ቀስ እንበል። ብዙ ጊዜ ቦታ የሚይዙት በቴሌግራም የወረዱ ቪዲዮዎች ናቸው። እነሱን በራሱ በቴሌግራም ሴቲንግ «ካሽ» ከሚለው ላይ ማጽዳት ይቻላል። የተለመደው መልእክታችን አይጠፋም፤ የምንፈልገውንም ፋይል መልሰን ማውረድ እንችላለን። ሌላውን ፋይል ግን ከፍተን ሳናይ አንሰርዝ።

ስድስተኛ፣ ጀርባው ሲያብጥ። እዚህ ላይ ድፍረት አያስፈልግም። ያበጠ የሊትየም ባትሪ እሳት ሊያስነሣ ይችላል። ቻርጀሩን ነቅለን፣ ታብሌቱን አጥፍተን፣ ሳንጫነውና ሳንበሳው ለባለሙያ እናስረክብ።

ይህ ሁሉ ተሞክሮ ካልሆነ የመጨረሻው እርምጃ ታብሌቱን ፋብሪካ እንደወጣ ወደነበረበት መመለስ ነው። ይህ በታብሌቱ ውስጥ ያስቀመጥነውን ሁሉ ጠራርጎ ያጠፋል። ብዙዎቹ የአንድሮይድ ታብሌቶች ከዚያ በኋላ የቀድሞውን የጎግል አካውንትና የይለፍ ቃል ሊጠይቁ ይችላሉ፤ ያንን ያላወቀ ሰው በር ላይ ይቀራል። ስለዚህ ታብሌት ለተተኪ ሠልጣኝ የሚያስረክብ ሁሉ አስቀድሞ አካውንቱን ያውጣ።

«የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ይባላል፤ በዚህ ጉዳይ ግን የፈሰሰው አይለቀምም። እንግዲያው ወደየትምህርት ቤቱ ለልምምድ ከመውጣታችን በፊት የትምህርት ዕቅዳችንን አንድ ቅጂ በፍላሽ፣ አንድ ቅጂ በኢሜላችን እናስቀምጥ። የነገው ክፍለ ጊዜ ዕቅድ ደግሞ በወረቀት ይያዝ። ታብሌቱ ቢተኛ እንኳ ተማሪዎቹ መምህር ያገኛሉ።