ያውቁ ኖሯል? ዜና የራሱ ሙዚየም ነበረው

ያውቁ ኖሯል? ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ፣ ከካፒቶል ወደ ዋይት ሐውስ በሚወስደው ፔንሲልቬንያ ጎዳና ላይ፣ ስለ ዜናና ስለ ጋዜጠኞች ብቻ የሚያሳይ ኒውዚየም የሚባል ሙዚየም ነበር። በአውቶቡስ ተጭነው ለቀን ጉብኝት የሚመጡ ተማሪዎች ያዘወትሩት ነበር። (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ያውቁ ኖሯል? ደጃፉ ላይ የነበረው ትርዒት በነጻ ነበር። ከየግዛቱና ከውጭ አገር የተሰበሰቡ የዕለቱ ጋዜጦች የፊት ገጾች በየማለዳው ይሰቀሉ ነበር፤ ቲኬት ያልቆረጠ መንገደኛም ቆሞ ያነባቸው ነበር። እንደኔ ከሆነ የሙዚየሙ ደግ ሥራ ይህ ነበር።

ያውቁ ኖሯል? በፑሊትዘር (የጋዜጠኝነት ሽልማት) የፎቶግራፍ አዳራሽ ከ1942 ጀምሮ የተሸለሙ ሥራዎች ነበሩ። የ1985ቱ ተሸላሚ ስታን ግሮስፌልድ ካነሳቸው መካከል የኛው የ77 (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) ድርቅ ይገኝበታል።

ያውቁ ኖሯል? ፎቶ ጋዜጠኛው ቢል ቢጋርት መስከረም 11 ቀን 2001 የኒውዮርክ መንትዮቹ ሕንፃዎች መመታታቸውን ሲሰማ ካሜራዎቹን አንጠልጥሎ ሮጠ። አንደኛው ሕንፃ ሲፈርስ ተረፈ፤ ግን ወደ ቤቱ አልተመለሰም። ማንሳቱን ቀጠለ፤ ሁለተኛው ሲናድ ሞተ። ካሜራዎቹ ከፍርስራሹ ሥር ተጎድተው ሲወጡ የዲጂታሉ ካርድ ደኅና ነበር፤ ፎቶዎቹም አልጠፉም። ካሜራዎቹ በሙዚየሙ የመስከረም 11 አዳራሽ ለጎብኚ ይታዩ ነበር። በዚያው አዳራሽ ከሰሜኑ ሕንፃ አናት የወደቀው የስርጭት አንቴና ተጣሞ ቆሞ ነበር።

ያውቁ ኖሯል? በ1976 አሪዞና ውስጥ በቦምብ የተገደለው ጋዜጠኛ ዶን ቦልስ ይነዳት የነበረችው ዳትሰን መኪናም ለእይታ ቀርባ ነበር። በሥራ ላይ የሞቱ ከ2,000 በላይ ጋዜጠኞች ስም ደግሞ በመስታወት ላይ ተጽፎ ነበር። እኔ አስጎብኚ ብሆን ተማሪዎቹን ከሁሉ አስቀድሜ እዚያ አቆማቸው ነበር።

ያውቁ ኖሯል? ሙዚየሙ የበርሊን ግንብ ስምንት ቁራጮችና የጥበቃ ማማም ነበሩት።

ያውቁ ኖሯል? የሙዚየሙ ሕንፃ 450 ሚሊዮን ዶላር ፈጅቶ በ2008 ተከፈተ፤ ታኅሣሥ 31 ቀን 2019 ተዘጋ። መግቢያው 25 ዶላር ገደማ ነበር፤ በአካባቢው ያሉት የስሚዝሶንያን ሙዚየሞች ግን በነጻ ይጎበኛሉ። በዚያ ላይ የሕንፃው ወጪ ከበደው፤ በ372.5 ሚሊዮን ዶላር ለጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ተሸጠ።

ያውቁ ኖሯል? የፕሬስ ነጻነትን የሚደነግገው የአሜሪካ ሕገ መንግሥት አንደኛ ማሻሻያ በእንግሊዝኛ 45 ቃላት ብቻ ነው። በሙዚየሙ ሕንፃ ፊት ላይ 22 ሜትር ከፍታ ባለው የቴኔሲ እብነበረድ ተቀርጾ ነበር። እብነበረዱ ተነቅሎ ፊላደልፊያ ወደሚገኘው ብሔራዊ የሕገ መንግሥት ማዕከል ተወስዷል፤ ተማሪዎች ዛሬ እዚያ ሄደው ያነቡታል።