የአዊ ደጋ ጨፌዎች

ከአዘና እስከ እንጅባራና ዳንግላ የሚዘረጋው የአዊ ምድር በእሳተ ገሞራ አለት ላይ የተመሠረተና ዝናብ የማይጎድለው በመሆኑ፣ ከኮረብታው የሚወርደው ውኃ ለጥ ባሉ ቦታዎች እየተኛ ቄጠማና ሣር የሚበቅልበትን ጨፌ ይፈጥራል። በውኃ የተሞላ አፈር አየር ስለማይገባው፣ ደቂቅ ዘአካላት የሞተውን ሥርና ቅጠል ፈጥነው ሊያበሰብሱት አይችሉም፤ ይህ ሁኔታ ለረጅም ዘመን ሲጸና ቅሪቱ እየተደራረበ ፒት የሚባለውን ጥቁር፣ ውኃ አቋሪ አፈር ይሠራል። ክምችቱ በአብዛኛው በዓመት 1 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ስለሚያድግ፣ የአንድ ሜትር ውፍረት የሺህ ዓመት ገደማ ሥራ ነው። ፒት ያለበት መሬት ከዓለም የብስ 3 በመቶ ያህሉን ብቻ ቢሸፍንም፣ በአፈር ውስጥ ካለው ካርቦን ሲሶ የሚደርሰውን ይዟል።

ቦይ ተቆፍሮ ጨፌው ሲጠነፍፍ አየር ወደ አፈሩ ይገባል፤ ለዘመናት የተከማቸው ካርቦንም ወደ ከባቢ አየር ይወጣል፣ የክረምቱ ዝናብ በጎርፍ ያልፋል፣ የበጋው ምንጭ ይሳሳል። ባሕር ዛፍ ውኃን አብዝቶ ስለሚስብ በጨፌ ዳር መተከሉ እጅግ ጎጂ ነው፤ በተራቆተ ተዳፋት ላይ ግን ዛፍ መትከል ሌላ ጉዳይ ነው። በፈረሶቹ በታወቀው አዊ፣ ጨፌ የበጋ ግጦሽ ስለሆነ፣ ግጦሹን ጨርሶ መከልከል ፍትሐዊ አይሆንም። በሌላ አካባቢ ያሉት የመንዝ ሰዎች የጓሳን ደጋ ቄሮ በተባለ የጋራ ሥርዓት፣ ሣሩ የሚዘጋበትንና የሚከፈትበትን ጊዜ እየወሰኑ ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስ መጠበቃቸው፣ ተጠቃሚው ራሱ ጠባቂ የሚሆንበት መንገድ እንዳለ ያስረዳል።