ከሶማሌ ተራ እስከ ጣርማ በር
(ዘጋቢ ፕሮግራም ለሬዲዮ)

[ድምፅ፦ የቮልስ ሞተር ይነሣል፤ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ዝቅ ብሎ ከተራኪው ድምፅ ሥር ይቀጥላል]

ተራኪ፦ አዲስ አበባ ያደገ ሰው ይህን ድምፅ ሲሰማ ዞር ብሎ ማየት አያስፈልገውም፤ ቮልስ ናት። ሞተሯ ከኋላ ነው። ራዲያተር የላትም፤ የምትቀዘቅዘው በነፋስና በዘይት ነው። የመምህሩ፣ የጸሐፊዋ፣ የመንግሥት ሠራተኛው መኪና ሆና ኖራለች። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋናቸው ወርደው ከቤተ መንግሥት ሲወሰዱም የተሳፈሩት በቮልስ ነበር።

ዛሬ እነዚህን መኪኖች ለዓመታት ከቆሙበት ግቢ እያወጡ፣ በትርፍ ጊዜያቸውና በገዛ ገንዘባቸው የሚያድሱ ሰዎች አሉ። የዛሬው ዝግጅታችን የእነሱን ወጪ ይከተላል። ገንዘቡ ወዴት ይሄዳል? ምንስ ይተርፋል?

[ሙዚቃ]

ተራኪ፦ የመኪና ፍቅር በሸዋ የቆየ ነው። ከደብረ ብርሃን አቅራቢያ አንጎለላ ላይ የተወለዱት ዳግማዊ ምኒልክ፣ እንግሊዛዊው ቤዴ ቤንትሌይ ለመኪና የሚሆን መንገድ ባልነበረበት አገር አቋርጦ በ1900 ዓ.ም. አዲስ አበባ ያደረሳትን ሲድሊ መኪና ተቀብለው፣ ተሳፍረውም አይተዋታል።

ቮልስ የስፖርት መኪና አይደለችም የሚል ካለ ዘሯን ይጠይቅ። የነደፏት ፌርዲናንድ ፖርሽ ናቸው። ልጃቸው ፌሪ በ1940 ዓ.ም. ፖርሽ 356 የተባለችውን የስፖርት መኪና ሲያወጡ ሞተሩንና ሌሎች ዋና ዋና ክፍሎችን የወሰዱት ከቮልስ ነው። ያቺ ፖርሽ ዛሬ በዓለም ገበያ በመቶ ሺዎች ዶላር ልትሸጥ ትችላለች። በእኛ አገር የጥንት መኪና ፍቅር የያዘው ሰው አቅሙ የሚደርሰው እናቲቱ ጋ ነው።

[ድምፅ፦ መዶሻ ላሜራ ሲመታ፤ የብየዳ ድምፅ]

ተራኪ፦ የመጀመሪያው ወጪ ላሜራው ነው። አሮጌ ቮልስ የሚገዛ ሰው ቀለሟን ከማየቱ በፊት የኋላ ወንበሯን አንሥቶ ወለሉን ይመልከት። ባትሪው የሚቀመጠው እዚያ ነው፤ አሲዱ ለብዙ ዓመት ሲንጠባጠብ ብረቱን ይበላዋል። ቀጥሎ በሁለቱ በሮች ሥር ከፊት ወደ ኋላ የሚያልፉትን ባዶ ብረቶች ይፈትሽ። የክረምት ውኃ እዚያ ገብቶ ይቀራል። ስቱኮ ተለጥፎበት፣ ቀለም ተቀብቶበት የሚያብረቀርቅ መኪና ከሥር በስብሶ ሊገኝ ይችላል። ያኔ አሮጌው ስቱኮ ተፍቆ፣ የበሰበሰው ተቆርጦ፣ አዲስ ላሜራ በልኩ ተቀርጾ ይበየዳል። ይህ የመዶሻ ሥራ ነው፤ የሚያስከፍለውም በአብዛኛው ጊዜ ነው።

ሁለተኛው ሞተሩ ነው። የቮልስ ሞተር ከካምቢዮዋ ጋር የሚያያዘው በአራት ብሎን በመሆኑ ማውረዱ አይከብድም። ወጪው የሚጀምረው ሲከፈት ነው። ቴስታታው ተሰንጥቆ ይገኛል፤ ፒስተኑ ተበልቷል፤ ኩሽኔታው ላልቷል። ወደ ቶርኖ ቤት ይኬዳል። ጓርኒሲዮኑ በሙሉ ይቀየራል። ሞተሩ ከወረደ አይቀር ፍሪሲዮኑም ይታይ ይባላል፤ ፍሪሲዮኑ ሲታይ ካምቢዮው ዘይት ሲያንጠባጥብ ይገኛል። አንዱ ክር ሲመዘዝ ሌላው እንደሚከተል ነው። በጀቱን ለሞተር ብቻ የያዘ ሰው መንገድ ላይ የሚቀረው በዚህ ምክንያት ነው፤ መኪናዋም ተበታትና ትቆማለች።

[ድምፅ፦ የመርካቶ ግርግር]

ተራኪ፦ ሦስተኛው መለዋወጫ ነው። ፍለጋው ከመርካቶ፣ ከሶማሌ ተራ ይጀምራል። እዚያ ያልተገኘው ውጭ አገር ካለ ዘመድ ሻንጣ ይጠበቃል። ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። 5,700 ብር ይበቃው የነበረ የ100 ዶላር ዕቃ ከ10,000 ብር በላይ ሆነ ማለት ነው። በ2017 ዓ.ም. አጋማሽ ደግሞ አንድ ሊትር ቤንዚን 100 ብር ተሻግሯል።

ሌላም ለውጥ አለ። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል። ስለዚህ ያሉን ቮልሶች እዚሁ ያሉት ብቻ ናቸው። አንዷ ለብረቷ ተቆራርጣ ስትሸጥ የምትተካት የለችም።

[ድምፅ፦ ነፋስ፤ ማርሽ እየቀነሰች ዳገት የምትወጣ መኪና]

ተራኪ፦ የእድሳት ሥራ የሚፈተነው ሰሜን ሸዋ ላይ ነው። ከአዲስ አበባ በደብረ ብርሃን አድርጎ የሚመጣው መንገድ፣ ወደ መንዝ መሐል ሜዳ የሚገነጠለው ጣርማ በር ላይ ነው። ቦታው ከባሕር ጠለል ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። እዚያ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው 70 በመቶ ገደማ ብቻ ስለሆነ በ40 የፈረስ ጉልበት የተሠራ የ1300 ሲሲ ሞተር 30 ፈረስ እንኳ አይሞላም። ካርቡራተሩ ለቦታው ከፍታ ካልተስተካከለ ቤንዚን ይበዛበታል፤ ማርሚታው ጥቁር ጭስ ይተፋል፤ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል።

ቁልቁለቱ ከዳገቱ ይብሳል። ጣሊያን በወረራው ዘመን የቆፈረውን ዋሻ አልፎ ወደ ደብረ ሲና ሲወረድ፣ ወይም በሌላው አቅጣጫ ከለሚ ሜዳ ወደ ጀማ ሸለቆ ከ1,000 ሜትር በላይ ተወርዶ ወደ መርሐቤቴ ዓለም ከተማ ሲታለፍ፣ ፍሬን ብቻውን አያደርስም። ሾፌሩ በከባድ ማርሽ ይወርዳል፤ የፍሬን ሸራ የሚግለውም፣ ጉድለቱ የሚታየውም እዚያ ነው። ፊያት ኤን ትሬ ጭነው በእነዚህ ቁልቁለቶች የተመላለሱ አንጋፋ ሾፌሮች ይህን ያውቁታል። ስለዚህ ገንዘብ ያጠረው ሰው ከፍሬንና ከመሪ ይጀምር፤ ቀጥሎ ላሜራው፣ ከዚያ ሞተሩ፤ ቀለም መጨረሻ ይሁን።

[ሙዚቃ ዝግ ብሎ ይገባል]

ተራኪ፦ ብዙ ችግር ባለበት አገር ለአሮጌ መኪና ይህን ያህል ማውጣት ቅንጦት ነው የሚሉ አሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። በእድሳት ትርፍ አገኛለሁ ብሎ የሚጀምርም እንዳይጀምር እንመክራለን፤ ያወጣው ገንዘብ ሲሸጣት ላይመለስ ይችላል። ግን ገንዘቡ የገባበትን እንይ። ለአዲስ መኪና የሚከፈለው አብዛኛው ዶላር ሆኖ ከአገር ይወጣል። ለቮልስ እድሳት ከሚከፈለው ትልቁ ክፍል ለባትላሜራው፣ ለቶርኖ ሠራተኛው፣ ለወንበር ሰፊው ይደርሳል። ወጣቶች ጋሼ እያሉ የሚጠሯቸው እነዚህ ባለሙያዎች የተበላሸውን አውጥቶ በመጣል ሳይሆን በማዳን የሠለጠኑ ናቸው። ሙያቸው በመጽሐፍ አልተጻፈም፤ ከእጅ ወደ እጅ ነው የሚተላለፈው። በኤሌክትሪክ መኪና ዘመን ደግሞ ይህን እጅ የሚፈልገው ጋራዥ እየቀነሰ ይሄዳል።

እኛ የምንለው ይህ ነው፦ ቮልስ የምታሳድሱ ሁሉ፣ በወጪያችሁ ላይ የአንድ ተማሪ ደመወዝ ጨምሩ። አንጋፋው ሲሠራ አጠገቡ ቆሞ የሚማር ወጣት ይኑር። ብረት በገንዘብ ይገዛል፣ መለዋወጫም ተፈልጎ ይገኛል። ባለሙያው ሳያስተምር ካለፈ ግን ሙያውን መልሶ የሚገዛ ገንዘብ የለም።

[ሙዚቃ ከፍ ብሎ ያበቃል]