የመምህሩ ግምትና የጉሙዝ ልጆች ዝምታ

በመተማና በቋራ ቆላ የጉሙዝ ሕዝብ ከአማራው ጋር ጎን ለጎን ይኖራል፤ ወገኖቹም ከድንበሩ ማዶ በሱዳን ይገኛሉ። ከደጋ ተመድቦ የሚመጣው መምህር ሕዝቡን ከማየቱ አስቀድሞ፣ ብዙውን ጊዜ፣ «ሻንቅላ» የሚለውን ስድብ ሰምቶ ያደገ ነው። ቃሉ የቆዳን ጥቁረት ከባርነት ጋር ያቆራኘ የባሪያ ፍንገላ ዘመን ቅርስ ነው። ባርነት በ1934 ዓ.ም. በአዋጅ ቢሻርም ስድቡ አልተሻረም።

ይሁን እንጂ በመምህራን የሥራ ላይ ሥልጠና ቃሉን ማውገዝ ብቻ አይበቃም፤ አንደበተ ጨዋ የሆነ መምህርም ያበላልጣል። ተጠይቆ ዝም ያለውን የጉሙዝ ልጅ «አልገባውም» ብሎ ያልፈዋል። ልጁ ግን ጥያቄውን በልቡ ወደ ጉሙዝኛ እየመለሰ ሊሆን ይችላል። ጉሙዝኛ ከአማርኛ ጋር የማይዛመድ፣ በድምፅ መውጣትና መውረድ የቃል ፍች የሚለወጥበት ቋንቋ ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ለአፍ መፍቻ ቋንቋ ስፍራ የሰጠውም ያለ ምክንያት አይደለም።

ስለዚህ ሠልጣኞች በየተራ አንዱ በሌላው ክፍል ተቀምጠው፣ የትኛው ልጅ ስንት ጊዜ እንደተጠየቀና ለመልሱ ምን ያህል እንደተጠበቀ ቢመዘግቡ ከረጅም ንግግር ይልቅ ይጠቅማል። መዝገቡ ግን ለውይይት እንጂ ለመምህሩ የሥራ ምዘና መዋል የለበትም፤ ለምዘና ከዋለ እውነቱን የሚጽፍ አይገኝም።